መሪው ሲርገፈገፍ ሁሌ የመሪ ችግር አይደለም፡ ያረጀ ሞተር ሳይክል ያላችሁ ይችን አንብቧት

ባለፈው ክረምት ከይርጋለም ስመለስ ቱላ ልገባ ትንሽ ሲቀረኝ ነው ነገርዬው የጀመረው። ቆጣሪው 60 አካባቢ ላይ ነው፣ ፊቴ ባጃጅ ገባብኝና ነዳጅ ለቀቅ አረኩ፣ በቃ መሪው እጄ ላይ ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ እያለ ይርገፈገፍ ጀመር፣ እኔ አጥብቄ በያዝኩት ቁጥር እሱ ይብሳል። ወደ 40 ስወርድ ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም አለ። መንገድ ዳር አቁሜ ዞር ዞር ብዬ አየኋት፣ ጎማ አልተነፈሰም፣ የተፈታ ቡሎን የለም፣ እንደ ጤነኛ ቆማለች።

ሞተሬ ከአንድ መስሪያ ቤት በጨረታ የወጣች 125 ሲሲ ናት፣ ዕድሜዋን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ሐዋሳ እንደገባሁ ጋራዥ ወሰድኳት፣ መካኒኩ መሪውን ሁለቴ ነቅነቅ አረገና «የመሪ ኩሽኔታ ነው» አለ (መሪው የሚዞርባቸው ኳሶችና ሳህኖቻቸው ማለት ነው)፣ ተቀየረ፣ ከፈልኩ። እውነትም መርገፍገፉ ጠፋ። ግን በነጋታው አቶቴ ጋር ሰው በበዛበት ቀስ ብዬ ስነዳ ሞተሯ እንደ ሰካራም ትዋልላለች፣ ቀጥ ላርጋት ስል ታልፋለች፣ ስመልሳት ደሞ በዛኛው በኩል ታልፋለች። ተመልሼ ስሄድ ትንሽ ላላ አረገልኝ። መዋለሉ ጠፋ፣ መርገፍገፉ ተመልሶ መጣ። ከዛ የፊት ጎማ ቀይር ተባልኩ፣ ቀየርኩ፣ ትንሽ ተሻለ እንጂ አልጠፋም። እንደዚህ እያልኩ አንድ ወር ተኩል ገንዘቤን በየተራ ስበትን ከረምኩ፣ በሽታው ግን ከመቀመጫዬ በታች ነበር የተቀመጠው። እዛ እንመለስበታለን።

መካኒክ አይደለሁም፣ ግን ከዛ ወዲህ ይሄን ጉዳይ እንደ ፈተና ነው ያጠናሁት፣ ያገኘሁትን በቀላሉ ልንገራችሁ። («አንተ» እያልኩ የምጽፈው ለአፌ ስለሚቀለኝ ነው፣ የምትነዱ እህቶች እንዳትቀየሙኝ።) ዋናው ነገር ይቺ ናት፤ መሪ የሞተር አፍ ነው፣ የታመመው እግሩም ይሁን ወገቡ የሚጮኸው በአፉ ነው። አፉ ስለጮኸ ጥርሱን መንቀል የለብህም።

መጀመሪያ ግን ሞተር እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ እንግባባ። ቀጥ የሚለው አንተ ስለያዝከው አይደለም፣ አሰራሩ ነው። ከጎን ሆነህ የፊት እግሩን (የፊት ጎማውን ከመሪው ጋር የሚያያይዙትን ሁለት ቱቦዎች) እየው፣ ወደ ፊት ዘመም ያለ ነው አይደል? መሪው የሚዞርበትን ዘንግ በሐሳብህ ወደ ታች አስረዝመው፣ መሬት የሚያርፈው ጎማው መሬት ከሚነካበት ቦታ ቀደም ብሎ ነው። የሁለቱ ርቀት አብዛኛው ሞተር ላይ ከ8 እስከ 12 ሳንቲሜትር ይሆናል። ስለዚህ የፊት ጎማ ሁሌ ከዘንጉ ኋላ ኋላ እየተጎተተ ነው የሚሄደው። የሆስፒታል አልጋ ስር ያለችውን ትንሽ ጎማ አይተህ ታውቃለህ? አልጋውን ስትገፋው ራሷ ዞራ ከኋላ ትከተላለች፣ ማንም አልመራትም። ሞተርም እንደዛው ነው፣ ወደ ግራ ዘመም ሲል ጎማው ራሱ ወደ ግራ ትንሽ ዞሮ ከስር ገብቶ ያነሳዋል፣ ወደ ቀኝ ሲሆንም እንደዛው። ይሄን አንተ ሳይታወቅህ መንገዱን ሙሉ ሲያረግ ነው የሚውለው።

ይሄ እንዲሰራ ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚፈልገው። አንደኛ መሪው ያለ ምንም መያዝ በነፃ መዞር አለበት። ሁለተኛ ከመዞር ውጪ ሌላ ምንም ንቅናቄ መኖር የለበትም፣ ከመሪ ጀምሮ እስከ ኋላ ጎማ ሁሉም አንድ ብረት መስሎ መያያዝ አለበት። አብዛኛው የመሪ ችግር ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ነው፣ ወይ መዞር ያለበት ተይዟል ወይ መያዝ ያለበት ላልቷል። እና ደሞ የፊት ጎማ የሚያስተካክለው ከኋላው ጋር እያስተያየ ስለሆነ፣ ኋላው እንደ ውሻ ጭራ የሚወዛወዝ ከሆነ ፊቱ ሲያስተካክል፣ ሲያስተካክል፣ ሲያስተካክል በመጨረሻ ራሱ መርገፍገፍ ይጀምራል። አንተ የሚሰማህ እጅህ ላይ ነው፣ የጀመረው ግን ከጀርባህ ነው።

ስለዚህ መፍቻ ከማንሳትህ በፊት በሽታውን በስሙ ጥራው። ሰው ሁሉንም «መሪው ይመታል» ይላል፣ ግን አንድ አይነት አይደለም። መርገፍገፍ ማለት መሪው ብቻ ቶሎ ቶሎ ግራ ቀኝ ሲል ነው፣ በሰከንድ ከ4 እስከ 10 ጊዜ ድረስ፣ ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 80 ኪሎሜትር በሰዓት መሃል ነዳጅ ስትለቅ ይመጣል። መዋለል ደሞ ሌላ ነው፣ ሙሉ ሞተሩ ከነ አንተ እንደ እባብ ሲጥመለመል፣ ቀስ ያለ ነው፣ በሰከንድ ከ2 እስከ 4 ጊዜ፣ ብዙ ጊዜ ፍጥነት ስትጨምር ወይ ጭነት ስትጭን ወይ ረጅም ኩርባ ላይ ነው የሚወጣው። ሶስተኛው መጎተት ነው፣ መሪውን ቀለል አርገህ ስትይዘው ሁሌ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። መርገፍገፍ ወደ ፊት ጎማና ወደ መሪ ኩሽኔታ ይጠቁማል፣ መዋለል ወደ ኋላ፣ መጎተት ወደ ሁለቱ ጎማዎች አሰላለፍ። ግን ጥቆማ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም፣ የኔዋ እየተርገፈገፈች በሽታዋ ኋላ ሆኖ ተገኝቷል።

የት እንደምትፈትንም አስብበት። ኮብልስቶን ላይ ጤነኛ ሞተርም ይንቀጠቀጣል፣ ከሱ ምንም አትማርም። ሐዋሳ ከሆንክ እሁድ ጠዋት በጥቁር ውሃ በኩል ወይ በቱላ በኩል ባለው አስፋልት ውጣ፣ ሲኖትራክ ሳይበዛ። ሲኖትራክ ሲያልፍህ የሚገፋህ ነፋስ በሽታ አይደለም። አስፋልቱ ራሱ ውሃ እንዲወርድ ተብሎ ከመሃል ወደ ዳር ስለሚያዘቀዝቅ ትንሽ ወደ ቀኝ መጎተት ያለ ነው፣ እውነተኛ መጎተት መሆኑን ለማወቅ ሜዳ የሆነ ቦታ ላይ እየው። እና ለራስህ ጻፍ፣ በስንት ፍጥነት፣ ነዳጅ ስትሰጥ ወይስ ስትለቅ፣ ፍሬን ስትይዝ ወይስ ሳትይዝ፣ ብቻህን ወይስ ከኋላ ሰው ይዘህ። መካኒክ ጋር ሄደህ ይቺን አራት ነገር ብትነግረው ግማሹን ስራ ጨርሰህለታል፣ «ዝም ብሎ ይንቀጠቀጣል» ካልከው ግን እሱም ዝም ብሎ ይቀይራል።

መጀመሪያ ጎማ። ሰው ርካሹን ነገር መጨረሻ ላይ የሚያየው ለምን እንደሆነ አይገባኝም። ጎሚስታው ጎማውን በእጁ ጫን አርጎ «አሪፍ ነው» ሲልህ አትመነው፣ የአየሩን ግፊት በመለኪያ አስለካ፣ ደሞ ጠዋት ሳይሞቅ። እንደ ቦክሰር ያሉ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ፊት 25 ፒኤስአይ አካባቢ፣ ኋላ ብቻህን 28፣ ሰው ስትጭን 32 ነው የሚባለው፣ ያንተው ላይ የተለጠፈ ጽሁፍ ካለ እሱን ተከተል። ፊቱ ካነሰው መሪው ይከብድህና ኩርባ ላይ ዳተኛ ይሆናል፣ ኋላው ካነሰው ይዋልላል። ከዛ ጎማው ከመሃል ብቻ አልቆ ጠፍጣፋ ሆኖ እንደሆነ እየው። ሐዋሳ ሜዳ ናት፣ መንገዷ ቀጥ ያለ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ቀጥ ብለን ስለምንነዳ ጎማችን እንደ ዳቦ ከላይ የተቆረጠ ይመስላል። እንደዛ ሲሆን ለመታጠፍ ስታዘምመው መጀመሪያ እምቢ ይልሃል፣ ከዛ ጫፉን ሲያልፍ በአንዴ ዝርግፍ ብሎ ይወድቃል፣ ሰው ይሄን የመሪ ችግር ነው ብሎ ነው የሚወስደው።

የጎማውን ዕድሜም እየው፣ ጎኑ ላይ በትንሽ ሳጥን ውስጥ 4 ቁጥር አለ፣ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ግን ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማ በዕድሜ ያረጀ ነው። ጎማው ቸርኬው ላይ በትክክል መቀመጡንም አረጋግጥ፣ ከቸርኬው ጠርዝ ጎን ዙሪያውን የምትሄድ ቀጭን መስመር አለች፣ አንዱ ጋር ተደብቃ ሌላው ጋር ከወጣች ጎማው ዘሎ ነው የሚዞረው። አፈር መንገድ ላይ የሚሆን ጥርሱ ትላልቅ የሆነ ጎማ አስገብተህ አስፋልት ላይ መሪው ቢርበተበትብህ ደሞ እሱ በሽታ አይደለም፣ የመረጥከው ነው።

አሁን ወደ መሪ ኩሽኔታው እንምጣ፣ ይሄ ጊዜ ወስዶ ቢታይ ይሻላል። ግቢ ውስጥ ሜዳ ቦታ ላይ አቁማት፣ የለስላሳ ሳጥን ከኢንጂኑ ስር አስገባ (የቢራም ይሆናል፣ ባዶውን)፣ የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳ። አንድ ሰው ከኋላ ይያዝልህ። አሁን መሪውን በሁለት ጣት ብቻ ከጥግ እስከ ጥግ በጣም ቀስ ብለህ አዙረው። ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላ መሆን አለበት። መሃል ላይ፣ ልክ ቀጥ ባለበት ቦታ ላይ፣ ትንሽ «ቀጭ» ብሎ ቢቀመጥና ከዛ ለመውጣት ትንሽ ግፊት ቢፈልግ አልቋል። እሱን ኩሽኔታ ፈተህ ብታየው ኳሶቹ የሚሄዱበት ሳህን ላይ በጥፍርህ የሚሰማህ ጉድጓድ ጉድጓድ ታገኛለህ፣ ኳሶቹ ለዓመታት መንገዱ በመታቸው ቁጥር እዛው ቦታ ላይ የቀጠቀጡት ነው። ሰው የሚነዳው ቀጥ ብሎ ስለሆነ ጉድጓዱ ሁሌ መሃል ላይ ነው። ጉድጓድ ያለው ኩሽኔታ አጥብቀውም አላልተውም አይስተካከልም፣ ማጥበቅ ብቻውን መፍትሄ ነው የሚልህ ካለ ቀን እየገዛ ነው። ሲቀየር ደሞ ኳሱ ብቻ ሳይሆን ላይና ታች ያሉት ሳህኖች አብረው ይቀየሩ፣ አዲስ ኳስ በድሮ ጉድጓድ ላይ ምን ዋጋ አለው።

ጉድጓድ ከሌለው ሁለተኛው ጥያቄ መጥበቁ ነው። የፊት ጎማው በአየር ላይ እያለ መሪውን መሃል ላይ አርገህ በጣት ትንሽ ነካ አርገው፣ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ወደ ጥጉ መውደቅ አለበት። ካልወደቀ ጠብቋል (የነዳጅና የፍሪሲዮን ሽቦ ይዞት እንዳይሆን ግን አጣራ)። ከዛ ከፊት ሆነህ የሁለቱን እግሮች ጫፍ ያዝና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፋ ሳብ አርግ፣ «ኳ» ካለ ልል ነው። የኔዋን የመጀመሪያው ሰውዬ ያረጋት ምን መሰላችሁ፣ ከሚገባው በላይ አጠበቃት። ጠብቆ የታሰረ ኩሽኔታ እንደ ፍሬን ስለሚይዝ መርገፍገፉን ያፍነዋል፣ ተሻለኝ ብለህ ትሄዳለህ፣ ግን ያ ቅድም ያልኩት ራሱን የማስተካከል ስራ በነፃ መሰራት አልቻለም፣ ለዛ ነው ቀስ ስል የምትዋልለው። በሽታውን አላዳነም፣ አፉን ነው ያፈነው። ሌላም ማወቅ ያለብህ፣ ከላይ ያለው ትልቁ ዳዶ ሲጠብቅ የታችኛውን አብሮ ስለሚጫነው መጨረሻ ላይ ሁሉም ከታሰረ በኋላ እንደገና መፈተሽ አለበት፣ ብዙ ጋራዥ ይሄን አያረግም።

ኩሽኔታው ለምን ቶሎ ያልቃል ካልክ አንዱ ጥፋተኛ ላቫጆ ነው። በከፍተኛ ግፊት የሚወጣውን ውሃ ቀጥታ መሪው ስርና ጎማው መሃል ላይ ይለቁበታል፣ ግሪሱን አጥቦ ውሃ ያስገባል፣ ሞተርህ ከውጪ ያብረቀርቃል ከውስጥ ይዝጋል። እኔ አሁን በባልዲና በጨርቅ ነው የማጥባት፣ ጎረቤት ይስቃል፣ ይሳቅ።

ሰው ብዙ የሚሳሳትበት ፈተና ደሞ አለ። የፊት ፍሬን ይዘህ ሞተሩን ወደ ፊት ወደ ኋላ ስታወዛውዝ «ኳ» ይላል፣ ወዲያው «መሪ ኩሽኔታ» ይባላል። ቆይ። ያ ድምፅ ከፍሬኑ ራሱ ሊመጣ ይችላል፣ ከፊት እግሩ ውስጥም ሊመጣ ይችላል። ፍሬኑን ልቀቅና ጎማውን ግድግዳ ላይ አስደግፈህ እንደገና አወዛውዘው፣ ድምፁ ከጠፋ ፍሬኑ ነው። ካልጠፋ አንዱን ጣትህን መሪው ከሻንሲው (ከዋናው የብረት አካል) ጋር የሚገናኝበት ስንጥቅ ላይ፣ ሌላ ጊዜ ደሞ እግሩ አቧራ መከላከያው ጋር አርግና ሌላ ሰው ያወዛውዝ። የሚንቀሳቀሰው ነገር ጣትህ ስር ይሰማሃል። ጣት ከጆሮ ይሻላል፣ ድምፅ ብረት ለብረት ይሄድና ያታልልሃል።

የፊት እግሮቹ ላይ ሁለት ነገር ልንገርህና እንለፍ። አንዱ ከወደቅክ በኋላ ቀጥ ብለህ ስትሄድ መሪው ወደ አንድ ጎን ዞሮ ከተገኘ ወዲያው «ሻንሲ ተጣሟል» ብለህ አትደንግጥ፣ ብዙ ጊዜ እግሮቹ በያዣቸው ውስጥ ተጠማዘው ነው። የጎማውን መያዣና የታችኛውን ማሰሪያ ቡሎኖች አላላ፣ ፊት ለፊት ቆመህ ጎማውን በጉልበቶችህ መሃል ቆንጥጠህ መሪውን በሁለት እጅህ ወደ ቀጥታው ጠምዝዝ፣ እግሮቹን ሁለት ሶስቴ ጫን ጫን አርግና እዛው አጥብቅ። አስር ደቂቃ ነው። ካልተስተካከለ ግን ቱቦው ታጥፎ ሊሆን ይችላል፣ አውጥተህ ለጥ ያለ መስታወት ላይ ስታንከባልለው ይታይሃል። ሁለተኛው ዘይቱ ነው፣ በሁለቱም እግር እኩል መሆን አለበት። የአንዱ እግር «ኦይል ሲል» (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ላስቲክ) ሲያፈስ ያ እግር ባዶ ሆኖ ሌላው ሙሉ ይሆናል፣ ጉድጓድ በመታህ ቁጥር እግሮቹ እኩል አይሰሩም። ሲፈስ ደሞ ወደ ፍሬን የሚወርድበት ጊዜ አለ፣ እሱን እንኳ ነገ አትበል።

የጎማ ኩሽኔታ ቀላል ነው፣ ጎማው ከመሬት ተነስቶ ላይና ታቹን ይዘህ ተቃራኒ አቅጣጫ ግፋ ሳብ አርግ፣ የሚላወስ ከሆነ ይቀየራል። ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ ጎኑ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል፣ 6301 ካለ ውስጡ 12 ሚሊሜትር ነው፣ 6202 ካለ 15፣ አይተካኩም። ሽቦ ያለው ቸርኬ ከሆነ ደሞ በትንሽ ጠመንጃ መፍቻ ወይ በማንኪያ ሽቦዎቹን እየዞርክ መታ መታ አርግ፣ እንደ ክራር ነው፣ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጥ ጤነኛ ነው፣ «ድብ» የሚል ላልቷል። ሁሉም ተመሳሳይ ድምፅ ባይሰጡም ጨርሶ የሚያፍን መኖር የለበትም። ቸርኬው ወደ ጎን ይጫወት እንደሆነ ለማየት እርሳስ እግሩ ላይ አስጠግተህ ጎማውን አዙረው።

እና አሁን ኋላው። ከሶስተኛው መካኒክ ጋር ነው ያወቅኩት፣ መናኸሪያ አካባቢ ያሉ በዕድሜ የገፉ ሰውዬ ናቸው፣ እኔ መሪውን እየነቀነቅኩ ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰምተው ሲያበቁ «ልጄ፣ መሪውን ተወውና ኋላዋን አንሳልኝ» አሉ። አነሳሁላቸው። ጎማውን አልያዙም፣ ጎማውን የያዘውን ሹካ ነው የያዙት፣ ከጫፉ፣ ጎማው ጋር የሚገናኝበት ቦታ። ወደ ጎን ገፋ ሳብ። ጫፉ በጣት ውፍረት ግማሽ ያህል ሄዶ መጣ። እኔም ያዝኩት፣ በገዛ እጄ ሲሄድ ሲመጣ ሳየው አፈርኩ፣ አንድ ወር ተኩል እላዩ ላይ ተቀምጬ ነበር። ጎማውን ለምን እንዳልያዙ ስጠይቃቸው «ጎማውን ብትይዝ የጎማውን ኩሽኔታ ከቡሹ ጋር ትቀላቅለዋለህ» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ የኋላ ሹካው ከእግር መርገጫው አካባቢ ሻንሲው ላይ በአንድ ረጅም ቡሎንና በሁለት ቡሽ (ቡሎኑ የሚያልፍባቸው አጫጭር ቱቦዎች) ነው የተያዘው። እዛ ጋር 1 ሚሊሜትር ከላላ ጎማው ጋር ሲደርስ ብዙ ሚሊሜትር ይሆናል፣ ረጅም በር ማጠፊያው ትንሽ ሲላላ ጫፉ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ አስበው። ነዳጅ ስትሰጥ ካቴናው ወደ አንድ ጎን ይስበዋል፣ ስትለቅ ይመለሳል። ለዛ ነው የኔዋ ነዳጅ ስለቅ የምትርገፈገፈው፣ ኋላዋ ቦታ በቀየረ ቁጥር ፊቷ ሊያስተካክል እየሮጠ ነበር።

ከቡሹ ጋር አብሮ የሚታየው አሰላለፍ ነው። ካቴና በጠበቀ ቁጥር የኋላ ጎማ ትንሽ ሊጣመም ይችላል፣ ሹካው ላይ ያሉትን መስመሮች ሰው ያምናቸዋል፣ አሮጌ ሞተር ላይ ግን እነሱም ይዋሻሉ። ሲባጎ ይበቃሃል። የኋላ ጎማውን ከኋላ ዙረህ ሲባጎውን በሁለቱም ጎን ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አርገህ ወደ ፊት ወጥረው፣ ሁለቱም ክር የኋላ ጎማውን የፊትም የኋላም ጠርዝ በስሱ ይንኩ። አሁን ፊት ሂድና እየው፣ የፊት ጎማ ቀጭን ስለሆነ በሁለቱም በኩል ክፍተት ይኖራል፣ ክፍተቱ ግራና ቀኝ እኩል ከሆነ ተሰልፏል። እኩል ካልሆነ መጀመሪያ የኋላ ጎማውን አስተካክል፣ ተስተካክሎም እምቢ ካለ ያኔ ሹካው ወይ ሻንሲው ተጣሟል ብለህ ብትጠረጥር ያምርብሃል። ሻንሲውን መሪው የሚገባበት ቦታ ብየዳው ጋር በደንብ እየው፣ ቀለሙ ላይ ቀጭን የዝገት መስመር ካየህ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ይዘህ አትንዳ።

የኋላ ሾኮቹም (መንጠሩን የሚያበርዱት ስፕሪንጎች) ማስተካከያቸው ግራና ቀኝ እኩል ደረጃ ላይ መሆኑን እይ፣ አንዱ 2ኛ ደረጃ ላይ ሌላው 4ኛ ላይ ሆኖ ያገኘሁት ሰው አለ፣ ለዓመት ነድቶታል። ሾክ አልቆ ኋላው ሲወርድ ደሞ የፊት እግሩ የበለጠ ይዘማል፣ መሪው ዳተኛ ይሆንብሃል። ሲያምር ብለው ረጅም ሾክ የሚያስገቡ ልጆች አሉ፣ ያ ተቃራኒውን ነው የሚያረገው፣ ፊቱን ያቆመዋል፣ ቅድም ያልኩት 8 ሳንቲሜትር ምናምን ያንሳል፣ መሪው ይቀልና ይደነብራል።

ጭነት! ይሄን ባልናገር ይቆጨኛል። ከኋላ ጎማ መሃል ወደ ኋላ አልፎ የተንጠለጠለ ጭነት ፊቱን ያነሳዋል፣ ፊቱ ሲቀል መሬት የሚይዘው ይቀንሳል፣ መርገፍገፍ የሚመጣው ያኔ ነው። አንድ ጆንያ አቮካዶ ኮርቻው ላይ ወደ ፊት ተጠግቶ ሲታሰርና ከኋላ ፖርቶባጋዩ ጫፍ ላይ ሲታሰር ሁለት የተለያየ ሞተር ነው። መሪው ላይ ፌስታል ማንጠልጠልም ያው ነው፣ አሞራ ገደል ሄደን ዓሳ ገዝተን መሪው ላይ ሰቅለን የማንመጣ ማን ነን፣ ያ ፌስታል በተወዛወዘ ቁጥር መሪውን ይዞት ይወዛወዛል። ሞተሩን ከመክሰስህ በፊት ባዶዋን ንዳት።

መንገድ ላይ ከጀመረብህ ደሞ ፍሬን በአንዴ አትርገጥ፣ በተለይ የፊቱን አትያዝ፣ መሪውንም አታንቀው። ታንከሩን በጉልበትህ ቆንጥጥ፣ ደረትህን ወደ ፊት አስጠጋ፣ ነዳጁን ቀስ እያልክ ልቀቅ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ራሱ ይተውሃል። እኔ ቱላ ጋር ያረኩት ሁሉንም ተቃራኒ ነበር፣ እግዜር ይመስገን ቆሜ አለሁ።

የኔዋ እንዴት ሆነች ለምትሉ፣ ያ ረጅም ቡሎን ዝጎ ከሻንሲው ጋር ተጣብቆ ነበር። ሰውዬው ናፍጣ ሲያጠጡት አደረ፣ በማግስቱ በእንጨት እየደገፉ በመዶሻ ሲመቱት ግማሽ ቀን ፈጀ። ሲወጣ ቡሹ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንቁላል መስሏል፣ ግሪስ የሚባል ነገር ካየ ስንት ዓመቱ እንደሆነ እንጃ። ስፔር አላገኘንም፣ ቶርኖ ቤት ወስደን ከነሐስ አስፈለፈልን፣ መሪ ኩሽኔታው ደሞ በልኩ ላላ ተደርጎ ታሰረ። እሁድ ጠዋት በዛው በቱላ መንገድ ወጣሁ፣ 60 ላይ ሆኜ ነዳጅ ለቀኩ፣ ምንም። 70 ላይ ለቀኩ፣ ምንም። ሰው ስጭን ግን አሁንም ኩርባ ላይ ትንሽ ትዋልላለች፣ ሰውዬው «ያ ሾኩ ነው» ብለውኛል፣ ደመወዝ እስኪወጣ ጓደኞቼ በባጃጅ ይሂዱ።